ምጣድና ማዮሊካ፦ የሸክላ ከተማ እንዴት ይጎበኛል?

አዳማ ውስጥ «ሴራሚክ የት ይገኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሕንጻ ዕቃ መሸጫ ያሳዩአችኋል። ሻጩ የወለሉን ከግድግዳው፣ የቻይናውን ከጣሊያኑ ለይቶ ዋጋውን ይነግራችኋል፤ «ይሄ የጣሊያን ነው» ሲል ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። ጀበናም ሴራሚክ ነው ብትሉት ግን መሳቁ አይቀርም። በኬሚስትሪ ዓይን ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አፈር ተቦክቶ፣ ቅርጽ ወጥቶለት፣ ዳግም ጭቃ እንዳይሆን በእሳት የታሰረ ሁሉ ሴራሚክ ነው።

ይህ ማብራሪያ ለመስክ ጉብኝት ለሚዘጋጁ ተማሪዎችና አብረዋቸው ለሚሄዱ መምህራን የተጻፈ ነው። መጀመሪያ በሸክላ ጥበቧ ስም ያወጣች አንዲት የጣሊያን ትንሽ ከተማ ምን እንደምታሳይ እናያለን። ከዚያ በዚያው ዓይን ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ እንወርዳለን።

ፋኤንዛ

ፋኤንዛ ከቦሎኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቪያ ኤሚሊያ በሚባለው ጥንታዊ የሮማውያን መንገድ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 60 ሺህ አይሞሉም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዳማ ነዋሪ 220,212 ነበርና ያኔም ቢሆን አዳማ ከሦስት እጥፍ በላይ ትበልጣት ነበር። ሁለቱም የመንገድ ከተሞች ናቸው። አዳማን የጅቡቲ ባቡርና የአዲስ አበባ መንገድ አሳደጓት፤ ፋኤንዛን ደግሞ ያ የሮማውያን መንገድና የላሞኔ ወንዝ ያከማቸላት ሸክላ አፈር።

በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የከተማዋ ሸክላ ሠሪዎች ጌጥ ያልበዛበት፣ ወፍራም ነጭ ቅብ የለበሰ ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። «የፋኤንዛ ነጭ» ተብሎ በመላው አውሮፓ ተፈላጊ ሆነ፤ ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ዕቃ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም «ፋያንስ» ይሉታል። የሙያ ከተማ የሚያሰኛት ግን የጥንቱ ዝና ብቻ አይደለም። በፊዚክስ ክፍል ባሮሜትር ስንማር ስሙን የምናነሳው የቶሪቼሊ 300ኛ የልደት ዓመት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከበር ፋኤንዛ ዓለም አቀፍ ትርኢት አዘጋጀች። ትርኢቱን ተከትሎ ጋኤታኖ ባላርዲኒ የተባለ የከተማዋ ሰው የሴራሚክ ሙዚየም መሠረተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1944፣ ሙዚየሙ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ከስብስቡ ብዙው እንክትክቱ ወጣ። ባላርዲኒ ተስፋ አልቆረጠም። ለአገሮችና ለሠዓሊዎች ደብዳቤ እየጻፈ ዕቃ ለመነ፤ ፒካሶ ሳይቀር የራሱን የሸክላ ሥራዎች ላከለት። ዛሬ ፋኤንዛ የሚደርስ ጎብኚ መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ሙዚየም ነው። ከሙዚየሙ ሲወጣ ደግሞ በየመንገዱ ወዳሉት የሸክላ ሥራ ቤቶች ይሄዳል፤ እዚያ የሚሠራው ሰው ስሙን በሩ ላይ ጽፏል፣ ዕቃው ሥር ፈርሟል።

ፋኤንዛ ብቻዋን አይደለችም። ሲሲሊ ደሴት ላይ ካልታጂሮኔ የምትባለው ከተማ 142 ደረጃ ያለው ረጅም የድንጋይ መውጫ አላት፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ፊት በሥዕላዊ ሸክላ የተለበጠ ነው፣ ልብጡም እ.ኤ.አ. የ1954 ሥራ ነው። ዴሩታ የምትባለው ከተማም በዚሁ ሙያ ትታወቃለች። የጣሊያን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ ቁጥር 188 ለጥበባዊና ለባህላዊ ሸክላ ጥበቃ ሰጥቷል፤ ነባር የሸክላ ከተማነታቸው በይፋ የታወቀላቸው ከተሞች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው።

ነጩ ቅብ ከየት መጣ?

ማዮሊካ የሚባለው፣ ይህ ነጭ ቅብ የለበሰው የጣሊያን ሸክላ፣ ሁለት ጊዜ እሳት ያያል። መጀመሪያ ባዶውን ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በእቶን ይቃጠላል። ሲወጣ ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ይመጠዋል። ቀጥሎ ብርጭቆ የሚሆን ዱቄት በውሃ በተበጠበጠበት ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። በጥንቱ ፈሳሽ ውስጥ የነበረው እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው ማዕድን፣ ቅቡ ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርግ ነበር። የቲን ኦክሳይዱ ደግሞ ቅቡን ያነጣዋል፣ ከሥር ያለውን የአፈር ቀለምም ይሸፍናል።

ሥዕሉ የሚሣለው ቅቡ ገና ዱቄት ሳለ ነው። ብሩሹ የነካውን ዱቄቱ ወዲያው ስለሚመጠው የተሳሳተ መስመር አይጠፋም፤ ለዚህ ነው በዚያ አገር የብሩሽ እጅ ለማፍራት ዓመታት የሚፈጀው። ኮባልት ሰማያዊ ይሰጣል፣ መዳብ አረንጓዴ፣ አንቲሞኒ ቢጫ፣ ማንጋኒዝ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡኒ። ከዚያ ዕቃው ዳግመኛ እቶን ይገባል፣ ቅቡ ይቀልጣል፣ ሥዕሉም ብርጭቆ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ጥበቡን የፈጠሩት ጣሊያኖች አይደሉም። በ9ኛው መቶ ዘመን በኢራቅ፣ በባስራ አካባቢ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ነጭ ሸክላ ለመምሰል ሲሞክሩ ያገኙት ዘዴ ነው። ከዚያ በእስልምናው ዓለም በኩል ስፔን ደረሰ፣ ከስፔን ጣሊያን ገባ። ጣሊያኖች ያደረጉት ትልቅ ነገር ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው። ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ ከአፈር ቁፋሮ እስከ እቶን አሠራር ያለውን ሁሉ በሥዕል አስደግፎ ጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የኛ ሸክላ ሠሪ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላገኘም።

የስምጥ ሸለቆው አፈር

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በእሳተ ገሞራ አመድና በጥንት ሐይቅ ወለል ላይ ነው። የባቱ (ዝዋይ)፣ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች በአንድ ወቅት የአንድ ሰፊ ሐይቅ ክፍሎች ነበሩ። ያ ሐይቅ ሲሸሽ ደቃቅ ደለል ትቶ ሄደ፤ ዙሪያውን የፈነዱት እሳተ ገሞራዎች አመድና ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ጨመሩበት።

ከእግር በታች ያለው አፈር ሁሉ ግን ሸክላ አይሆንም። ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ በበጋ የእርሻ ማሳ ላይ እንደምናየው ይተረተራል፤ ብቻውን ዕቃ ቢሆን ገና ጥላ ሥር ሳለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ ሁለት ዓይነት አፈር ታደባልቃለች፤ አንዱ ተያያዥነት ይሰጣል፣ ሌላው ሻካራነት። የተሰበረ ዕቃ ስባሪ፣ ገሉ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ከጭቃው ጋር የሚቦካበትም ቦታ አለ። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር፣ ምን ያህል ለምን ያህል የሚለውን የሚመዝነው የጣቷ ስሜት ነው።

ያለ እቶን ማቃጠል

በዚህ አካባቢ ሸክላ የሴቶች ሥራ ነው። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ ዕቃው ቆሞ እጇ ይዞረዋል፣ ወይም እሷ ራሷ ትዞረዋለች። መሣሪያዋ የቅል ስባሪ፣ የቆዳ ቁራጭና የወንዝ ለስላሳ ድንጋይ ነው። በስምጥ ሸለቆው የኦሮሞና የወላይታ ሸክላ ሠሪዎች ተጎራብተው ይኖራሉ፤ የተመለከታቸው ሰው የቅርጽ አወጣጣቸው አንድ እንዳልሆነ ያስተውላል። ለጉብኝት የምትሄዱ ተማሪዎች አንዱን ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ሥራውን ከየት ጀመረች? ከታች ነው ከአፍ? በአንድ ድብልብል ጭቃ ነው በጥቅልል? ያቺ ሴት ሙያውን ከማን እንደተማረች የሚናገረው ይህ ነው፤ ጌጡ የሚገለበጥ ነገር ነው፣ የእጁ አካሄድ ግን ከልጅነት የሚለመድ ነው።

ዕቃው በጥላ ከደረቀ በኋላ መሬት ላይ ይደረደራል። ኩበት፣ ጭድ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይከመርበታል፣ እሳት ይለቀቅበታል። በእንዲህ ያለ ግልጽ እሳት ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሁሉም በጥቂት ሰዓት ያልቃል። አፈሩ ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውሃ ከ450 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ወደ ጭቃነት አይመለስም። አየር በደንብ ያገኘው ወገን ይቀላል፣ በጭስ የታፈነው ይጠቁራል። ጀበናው አንድ ጎኑ ጠቆር ብሎ ብታዩት እንከን እንዳይመስላችሁ፤ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ነው የሚነግራችሁ።

ድስቱ እሳት ላይ ለምን አይፈነዳም?

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው አውቄ ነው። «የኛ ሸክላ ኋላ ቀር ነው፣ የፈረንጁ ያብረቀርቃል» የሚለው አስተያየት ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከመምህርም አፍ ይሰማል፤ ፊዚክሱ ግን ከዚህ አስተያየት ጋር አይስማማም።

አንድ የማዮሊካ ሳህን ጉልቻ ላይ ጣዱና ከሥሩ እሳት አንድዱ። ቅቡና ከሥሩ ያለው አካል በሙቀት የሚለጠጡት እኩል አይደለም፤ ቅቡ ይሰነጣጠቃል፣ ምናልባት ሳህኑም ለሁለት ይከፈላል። የሸክላ ድስታችን ግን በየቀኑ ይጣዳል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይጣዳል። ምክንያቱ አፈሩ ሻካራ፣ የተቃጠለበትም ሙቀት ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በአካሉ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳና ብዙ የገል ፍንካች አለ። ስንጥቅ ሲጀምር ሩቅ አይሄድም፤ ቀዳዳ ወይም ፍንካች ሲያገኝ ይቆማል። ደቃቅና ጥብቅ በሆነ አካል ውስጥ ግን ስንጥቁን የሚያቆመው የለም። እንግዲህ ሻካራነቱ ለእሳት ተብሎ የመጣ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ድስቱ ቢለዋወጥ ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ በሚለቅ ሸክላ የተንተከተከ ወጥና በስስ ብረት የተጣደፈ ወጥ አንድ አይሆኑም።

እንስራም እንዲሁ ነው። በአዳማ ሙቀት እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ውሃው በግድግዳው ቀዳዳዎች እየሰረገ በውጭ በኩል ይተናል፤ እያንዳንዱ የሚተን ግራም ወደ 2,400 ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በነጭ ቅብ የታሸገ ማሰሮ ይህን ማድረግ አይችልም። ሌላም ነገር አለ። የጥንቱ ማዮሊካ ቅብ በእርሳስ የሚቀልጥ ነበር፤ በኛ ድስት ውስጥ እርሳስ የሚጨምር ሰው የለም። የፈረንጁ ሳህን ለገበታና ለዓይን ተሠራ፣ የኛ ድስት ለእሳት። ማወዳደር ካስፈለገ እያንዳንዱን በተሠራበት ሥራ እንጂ በማብረቅረቁ አይደለም።

ቅብ ባይኖረንም ማሟሸት አለን። አዲስ ምጣድ ያለ ጎመን ዘር እንጀራ አያወጣም። ተወቅጦ የተጨመረው ዘር ሲጋል ዘይቱ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፣ ጠቁሮና ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየጋገራው በማሰሻ ይታሰሳል፣ እያደርም ይለሰልሳል። አዲስ ጀበና የቡና አተላ ተፈልቶበት ካልተሟሸ የመጀመሪያው ቡና አፈር አፈር ይላል።

ከተማው ያቆየው

እንስራውን ቢጫው ጄሪካን አስወጥቶታል፤ ጋኑን በርሜል፣ ድስቱንም በአብዛኛው ብረት ድስት። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ገበያዎች ያለውን ስትቃኙ የቀሩት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩበት ምክንያት ግን አስተማሪ ነው። ጀበና ቀርቷል፣ ቡናው ያለ እሱ አይሆንምና። እጣን ማጨሻም አብሮት ቀርቷል። ሥጋ ቤቶች ደግሞ አዲስ ሥራ ፈጥረዋል፤ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚወርደው ሰው ሸክላ ጥብስ ያዛል። ከታች ፍም የያዘው፣ ከላይ ሥጋው የሚንጣጣበት ያ ዕቃ የሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነው፤ ክትፎ የሚቀርብበት ጣባም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚገርመው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ክዳኑንና የቆርቆሮ አካሉን ትታችሁ መሃሉን ብታዩ ያው ሸክላ ነው። በጀርባው በኩል ክብ ክብ እየሠራ የሚዞር ቦይ ተቆፍሮበታል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቶ በጄሶ ወይም በመሰል ነገር ተሸፍኗል። ሽቦው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በአፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ የምትጋግረው እመቤት በገጠር ሴት እጅ የተደመደመ ሸክላ ላይ ነው የምትጋግረው።

የሠሪዋ ስም

ፋኤንዛ ላይ ሠሪው ዕቃው ሥር ይፈርማል። የኛዋ አትፈርምም። አገራችን ለባለ እጅ ክፉ ነበረች፤ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለች ትሸሻት፣ በብዙ ቦታ መሬት ትከለክላት ነበር፤ ልጇን ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ አታጭም ነበር፣ ግን እሷ በሠራችው ምጣድ ትበላ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል አዋጅ አስነገሩ። ባላርዲኒ ሙዚየሙን የከፈተውም በዚያው በአውሮፓውያኑ 1908 ነው። እዚያ ሙዚየም ሲከፈት እዚህ ስድብን የሚከለክል አዋጅ ይነገር ነበር፤ ሁለቱ አገሮች በዚህ ሙያ ዛሬ ያላቸው ልዩነት በከፊል ከዚህ ይጀምራል። የአዋጁ ቃል የተነገረውን ያህል በየቀዬው አልተፈጸመም።

ስም የወጣላቸው መንደሮች የሉንም ማለት አይደለም። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ ትናንሽ የሰውና የአንበሳ ቅርጾቿን ጎብኚ ይፈልጋቸው ነበር። አብዛኞቹ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀጨኔ ሴቶች እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ጀበናቸውና ምድጃቸው በየገበያው አለ። በስምጥ ሸለቆው ግን በሸክላዋ የምትጠራ ከተማ የለችም። አፈሩም እጁም ሳይጎድል መንገደኛው የሚያስታውሰው የዝዋይን ዓሣና የመቂን ሽንኩርት ነው።

ስትሄዱ

ከአዳማ ወደ ሞጆ ተመልሳችሁ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ በፍጥነት መንገዱ አትሂዱ፤ እዚያ ገበያ የለም። በአሮጌው መንገድ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላን፣ አርሲ ነጌሌን እያለፋችሁ ሻሸመኔ ትደርሳላችሁ። የየከተማውን የገበያ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሸክላ በሌላ ቀን ብዙም አይታይም። ኦሮምኛ የሚችል ተማሪ ከፊት ይሁን። «ሱጴ» ብሎ ሸክላውን፣ «ኤሌ» ብሎ ምጣዱን፣ «ኦኮቴ» ብሎ ድስቱን ከጠየቀ ወሬው በሌላ መንገድ ይከፈታል። ጊዜ ካላችሁ እስከ ሐዋሳ ዝለቁ፤ የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ እዚያ ነው፣ አፈር በማሽንና በእቶን እንዴት ሲኒና ሳህን እንደሚሆን በአንድ ጉዞ ከእጅ ሥራው ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ገበያው ላይ መጀመሪያ ገዢዎችን ተመልከቱ። የለመደች ሴት ጀበናውን በአንገቱ ታነሳዋለች፣ በጣቷ አንጓ ሁለቴ ታንኳኳዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የደነቆረ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ቀጥላ በጡቱ እፍ ትላለች፤ መንገዱ ካልተከፈተ ቡናው አይወርድምና። የኛ አካባቢ ጀበና ጡት አለው። በትግራይና በኤርትራ የሚለመደው ያለ ጡት በአንገቱ ብቻ የሚቀዳው ነው፤ ልዩነቱን በማስታወሻችሁ ሣሉት። ከዚያ ታችኛውን በመዳፏ ዳስሳ ቁጭ ታደርገዋለች፣ ሲወዛወዝ ካየች ትመልሰዋለች። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የላቦራቶሪ ፍተሻ ማለት ግን ይኸው ነው።

ስትገዙ እስከ መጨረሻ አትከራከሩ። ዋጋው ውስጥ አፈር ቁፋሮው፣ ሸክሙ፣ እሳት ላይ የፈነዱት ዕቃዎችና ገበያ ለመድረስ የተከፈለው ትራንስፖርት አለ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ወደ ትምህርት ቤት ስትመለሱ ዕቃውን ባህላዊ ዕቃ ብላችሁ ብቻ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት፤ ከፈቀደች የሠሪዋን ስም፣ የመንደሯን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በካርድ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።